አምስት ጊዜ

ከፖስታ ቤት ጀርባ ሙዘሚል ሱቅ ገባሁ፣
ከመሶቦች መሀል አንድ ምንሽር አነሳሁ።
«የቱርክ ነው፣ አይገድልም፤ ፈቃድ እንኳ አይሻ፣
ጥርሱ የረገፈ የጎረቤት ውሻ።»
ሰደፉን ጫር አርጎ፣ በሻይ አጠይሞ
መቶ ዓመት ሸጠልኝ፣ አንድ ሳምንት ደክሞ።

ዋጋ አልተከራከርኩም።
የእውነተኛውን ዋጋ አውቀዋለሁ፦
የኔ የነርስ ትምህርት፣ ሦስት ዓመት ከነቀለቡ።
አባቴ ቢያድግልኝ ሸጦት ነው የከፈለው፤
ትከሻው ግን እስከዛሬ
እንደተሸከመ ወደ ቀኝ ያዘነብላል።

በጋዜጣ ጠቅልዬ ታክሲ ስሳፈር
ረዳቱ «ምንድነው?» አለኝ።
«የመጋረጃ ብረት።»
የእሱንም ሂሳብ አስከፈለኝ።

ግንፍሌ፣ አራተኛ ፎቅ።
ዓይኑን ሞራ የጋረደው አባቴ
በሁለት እጁ ተቀበለ፣
አሸተተው፤
ዘይት የለም፣ ባሩድ የለም፣ ቫርኒሽ ብቻ።
በአውራ ጣቱ ብረቱን ዳሰሰ፣
አንዴ፣ ደግሞ መልሶ።
«ቁጥሩስ?»
ዝም አልኩ።
«ይሁን። ቀላል ነው፣ ለሽማግሌ ይሆናል።»

ሌሊት ከሳሎን ሲያቀባብል ሰማሁ፦
ቀጭ፣ ቋ።
አምስት ጊዜ ቆጠርኩ።
ከዚያ ጸጥ።
በፒጃማው ወገብ ላይ
ዝናሩን እየፈለገ መሆን አለበት።