በስተግራዬ የነበረው ወንበር

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ቴሌቪዥን ከፈትሁ፣
የሃምሳ ዓመት ቀልድ ሲደገም አገኘሁ።
ያው ሶፋ፣ ያው ምንጣፍ፣ ያው የካርቶን ግድግዳ፣
በር በተዘጋ ቁጥር የሚርድ እንደ እንግዳ።
ሲሪል ከነፒፓው ጋዜጣ ዘርግቶ፣
የዊኒ ጥብስ ደግሞ ከሰል መስሎ ወጥቶ።
«ሚስትና ሰዓት» አለ፣ ፒፓውን አራግፎ፣
«በየማታው ካልሞሉት ያድራል አኩርፎ።»

ሳቁ ገነፈለ።
ከዚያ ሁሉ መሐል አንዲት ሴት፣
እንቁላል እንደጣለች ዶሮ የምታስካካ፣
ትን እስኪላት፣ እንባዋ እስኪፈስ —
እኔ ነኝ።

ግሌኒስ ኦልድሮይድ፣ ሊድስ፣ የብስኩት ማሸጊያ ክፍል፤
በነጻ ቲኬት፣ በፋብሪካው አውቶቡስ፣ በሰባ ሦስት ብርድ።
«ሳቁ» የሚል አምፖል ሰቅለው ነበር ከላይ፤
እኔ ግን ለመሳቅ አልጠበቅሁም እሱን እስካይ።

ቀጥሎ ጎረቤቱ አንኳኩቶ ገባ፤
ነጭ ተዋናይ ነው፣ ፊቱን ቡናማ የተቀባ።
ሲሪል ስሙን አያውቅም፣ «ቅመሙ!» ይለዋል፣
እሱም እጁን ገጥሞ ጎንበስ ቀና ይላል፣
አንገቱን እንደ አሻንጉሊት ያወዛውዛል።
ስንቱ ጭኑን መታ!
እኔም መታሁ፣ በቀኝ እጄ።
በግራዬ ካምሌሽ ነበረች።

ከጃላንድሃር የመጣች፣ ከእኔ ጋር የምታሽግ፤
ቲኬቱን የሰጠኋት እኔ፣ «ትዝናኛለሽ» ብዬ፤
አዲሱን ካፖርቷን ለብሳ፣ ቁልፉን እስከ አንገቷ ቆልፋ።
ሳቀች? እንጃ።
ሰው ከልቡ ሲስቅ ዓይኑን ይጨፍናል።

ስንመለስ በመስኮቱ ጉሙን ስታይ ቆይታ፣
አንዲት ነገር ተናገረች፣ ከብዙ ዝምታ፦
«ቀለሙ ከጆሮው ጀርባ አልደረሰም።»
ሌላ አላለችም። እኔም አልጠየቅሁም።
ሰኞ ብስኩታችንን አሸግን።

በሳምንቱ ሌናርድን «መንዳት ልማር» ብለው፣
ሲሪልን መስሎ ሳቀ፤ «ሰዓቴ፣ ልሙላው?»
እኔም ሳቅሁ።
ወጥ ቤታችን ውስጥ አምፖል የሰቀለ አልነበረም።
መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁት
እሱን በቀበርሁ በሁለተኛው ዓመት ነው።

ኢሞጀን፣ የልጅ ልጄ፣ ከፎቅ በካልሲ ወርዳ፣
«ማናት ደግሞ ይቺ የምታስካካ ጉዳ?
በዚህ ነገር ይሳቃል?» አለችኝ ተናዳ።
«ወደ ኋላ መልሽው» አልኋት። «ድምፁንም ጨምሪ።»
መለሰችው።
እንደገና።
ከሳቄ በስተግራ
አንድ ሰው የሚያህል ክፍተት ይኖር እንደሆነ፣
ቴፕ ዝምታን ይቀዳ እንደሆነ፣
ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥሁ።

ዶሮዋ ብቻ ናት የምትሰማው።