ሦስት ፈረቃ

አቶ ሽፋው መጣ፣ ከገበያ የተመለሰ ጨርቅ አንጠልጥሎ፣
«ከሦስቱ ፈረቃ የቱ ነው ጥፋተኛው? ለይተሽ አምጪ» ብሎ።

የጥራት ክፍሏ ጠባብ ናት፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ መስኮት፤
ሥራዬ ክር መሳብ ነው እስኪበጠስ፣
የተበጠሰበትን ጉልበት መጻፍ፣ ሌላ መያዝ፣ እንደገና መጎተት።

ሠላሳ ከጠዋት፣ ሠላሳ ከቀትር፣ ሠላሳ ከሌሊት፣
ዘጠና ቁራጭ ጨርቅ፣ የሠራተኛዋ ቁጥር በየጀርባው ተጽፎ፣
እንደ ካርታ ጨዋታ ጠረጴዛዬ ላይ ተነጥፎ።

መጀመሪያ ውፍረት፦ ሦስቱም እኩል ናቸው።
እርጥበት፦ የሌሊቱ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ዕድልም እንዲህ ያደርጋል፣ አይባልም «ለያቸው»።
ጥንካሬ፦ የሌሊቱ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ለክስ ግን አይበቃም።
ቋጠሮ፦ ቆጠርኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ፣ ምንም።

ምስክሩ ሁሉ አንድ በአንድ ሲጠየቅ «አላየሁም» አለኝ፤
ሪፖርቱን ልዘጋ ስል አንድ ነገር ቆረቆረኝ፦
ጥጥ እኮ ሲርስ ይጠነክራል፣
እርጥበቱ ከፍ ሲል ጉልበቱም ከፍ ይላል፣
እንደ ባልና ሚስት ተያይዘው ነው የሚሄዱት፤
የሌሊቱ ጨርቅ ብቻ ርሶ ደከመ፣ ሁለቱ ተኳርፈው አደሩበት።
ለየብቻ ሲታይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣
አብሮ ሲታይ ግን ያን የሚያህል ኩርፊያ በዕድል አይመጣም።

እኔ ደሴ ነው የማድረው። በየማለዳው በሚኒባስ ሐረጎን ስወርድ
ከላይኛው መታጠፊያ ኮምቦልቻ ጣራ በጣራ ላይ ናት፣
ፋብሪካው ከመጋዘኑ አይለይም።
ዝቅ ብሎ ሌላ መታጠፊያ አለ፣ ሾፌሩ ፍሬን የሚይዝበት፤
እዚያ ስደርስ ቆርቆሮው ይገላለጣል፣
ይሄ የኛ ግቢ፣ ያ መጋዘን፣ ያ መስጊድ፣ መካከላቸው አየር ገብቶበት።
ከተማዋ አልተንቀሳቀሰችም። ያየሁበት ቦታ ነው የተለየው።
ስሌቱም ይህንኑ መታጠፊያ ነው ከአራቱ ልኬት መሐል የሚፈልገው፦
እያንዳንዱን ወገን በራሱ ሰብስቦ፣ ወገንን ከወገን አራርቆ
አንዲት መስመር አሰመረ።
ጠዋትና ቀትር እንደተቃቀፉ ቀሩ፤
ሌሊት ብቻውን ማዶ ተሻገረ።

«ለየለት?» አለኝ አቶ ሽፋው በበሩ ብቅ ብሎ።
«ለየለት» አልኩት፤
ያበደም ሰው «ለየለት» ይባላልና ቃሉ ጎመዘዘኝ ቶሎ።
«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ነው የሰማሁት፤
እዚህ ደካማ ደካማ ቁጥሮች አበሩና
አንበሳ ቢያጡ የሌሊቱን ሠራተኛ አሰሩት።
አበላቸው ሊቆረጥ ነው።

ለማረጋገጥ የእያንዳንዱን ቁራጭ ቁጥር ደብቄ «ከወዴት ነህ?» አልኩ፤
ከዘጠናው ስድሳ ስምንቱን በየቤቱ መለስኩ።
ሃያ ሁለቱ መንገድ ሳቱ። ከነሱም አንዱ እንቅልፍ ነሳኝ፦
ቁጥር አርባ ሰባት። ወረቀቱ «ጠዋት» ይላል፣
መስመሩ «ሌሊት» ይላል፣
ያውም ዳር ዳሩን ሳይሆን እኩለ ሌሊት።

ሐዋ ይመርን ማሽኗ ሥር አገኘኋት፣ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ ጎስጉሳ።
«ጠዋት ነው የሠራሁት» አለች። ዝም አለች። ማግ ቀየረች።
«ከማታው ግን አልወጣሁም። ዘሐራ ምጥ ይዟት ሄዳ
በሷ ቦታ አደርኩ፤ የራሴ ተራ ደረሰ፣ ቀጠልኩ ከማለዳ።»

ለካ መስመሬ ያገኘው ሌሊትን ሳይሆን ሌላ ነገር ነው፤
ስሙን ግን አያውቅም። «ይለያያሉ» ይላል፣
ለምን ቢሉት ዝም ነው።
አንድ ናሙና ምንም እንደማያረጋግጥ አውቃለሁ፣
ይህን ያስተማሩኝን ሰዎች አላሳፍርም።
ሪፖርቱንም አልሰጠሁም።

ባዶ ቅጽ አነሣሁ፤
ከውፍረት፣ ከእርጥበት፣ ከጥንካሬ፣ ከቋጠሮ ቀጥሎ
በማስመሪያ አምስተኛ ዓምድ ጨመርኩ፣ በእርሳስ፦
«ያለፈው ቀን እንቅልፍ፣ በሰዓት።»
አቶ ሽፋው ሳቀ። «ይሄም ይለካል?»
የመጀመሪያው ረድፍ ላይ አርባ ሰባት ብዬ ጻፍኩ፤
ከጎኑ
ዜሮ።