ባዶ ኮርቻ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ እንጅባራ ገበያ፣
ኮርቻ እሠራለሁ፤ የለኝም ሌላ ሙያ።
ለሙሽራ ሚዜ፣ ለሽማግሌ ዳኛ፣
ለለቅሶም እንዲሁ፣ ሲቀበር ፈረሰኛ፤
ፈረሱ ተጭኖ፣ ሰው ሳይወጣበት፣
ልጓሙን ሲስቡት ከአስከሬኑ ፊት።
ያ ባዶ ኮርቻ የእጄ ሥራ ነበር፤
አልቅሼ አላውቅም። ስፌት ነው የምቆጥር።

አትጠገብ ስትወልድ ደሟ አልቆም አለ፤
ከመደቡ ወርዶ አፈሩ ላይ ዋለ።
በሦስተኛው ቀን ነቃች።
ልጇን አስጠጋችው፤ ጡቷ ባዶ ስልቻ፤
ስሜነህ ያደገው በጎረቤታችን በወለላ ጡት ብቻ።

ከዚያ ወዲያ በረዳት።
በሚያዝያም በጋቢ፣ እሳት ዳር ውላ፣
ቅንድቧ ረገፈ፣ ድምጿም ሆነ ሌላ።
የወሯ ነገርም እንደወጣ ቀረ፤
ወንድሜ "ሰነፍ ናት"፣ ጎረቤቱ "ዛር ነው" እያለ መከረ፤
እናቴ "ፍታት" አለች። እኔም፣ ለምን ልዋሽ፣
አንድ ክረምት ሙሉ አስቤዋለሁ፣ ሲነጋ ሲመሽ።

ስምንት ዓመት አለፈ። ወፍጮ ቤት ደጅ ወደቀች፤
በአይሱዙ ጭነት ላይ ባሕር ዳር ደረሰች።
ወጣቱ ሐኪም ቅንድቧን በጣቱ ዳበሰ፤
"ወተት ነበረሽ?" አላት። እንባዋ ፈሰሰ።
እስከዚያች ቀን ድረስ የጠየቃት የለም።

ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅሎ ጠራኝ፤
"ከአንጎል ሥር ያለው ይህ አጥንት ኮርቻ ይባላል" አለኝ።
ሳቅሁ። "ምን?"
"ኮርቻ።
አንዲት አተር የምታህል ዕጢ ትቀመጥበት ነበር።
ለአንገቷ ዕጢ 'ሙቀት' ብላ የምትልክ፣
ከኩላሊት በላይ ላሉት 'ጉልበት' የምትል፣
ለማኅፀን ወር የምትቆጥር፣ ለጡት ወተት የምታዝ።
የፈሰሰው ደም እሷን አስጠማት፤ ሞተች።
የቀሩት ደህና ናቸው፤ የሚያዛቸው ነው ያጡት።"

ጎንበስ ብዬ አየሁት፤
የፊቱ ጉብታ፣ የኋላው መደገፊያ፣ ልክ እንደኔ ሥራ፤
ስፌት የለው እንጂ የሚቆጠር ተራ በተራ።
ባዶ።
ይሄን ሁሉ ዓመት ልጓም ስጎትት ኖሬ
ማን እንደሞተ አልጠየቅሁም።

አሁን ጎህ ሲቀድ ነጯን ኪኒን፣ ቆይታ ትንሿን
በውሃ ትውጣለች።
ፈረሰኛዋን አይመልሷትም፤ ቃሏን ያደርሳሉ።
ዋጋቸው በወር አንድ ኮርቻ።

ጥር ሃያ ሦስት፣ ፈረሶቹ ሲያልፉ፣ አጥር ይዛ ቆማ
"ሞቀኝ" አለች።
ጋቢውን ተቀበልኳት፤
የስምንት ዓመት ጭስ ይሸታል።