የአንለይ ደብተር

«ቤዛዊት» አለኝ። «በዚህ ጭቃ?» አልኩት።
«ወፍ ጭቃ አይጠየፍም» ብሎ ገባ፣ ዋጋ ሳንነጋገር፤
በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር በብብቱ ሥር፣
አንድ ዓይኑ የተሰነጠቀ የርቀት መነጽር በአንገቱ፣ እንደ ጦር መኮንን።
ሐምሌ ነው። ጣና ከሰማይ ጋር ተሰፍቶ፣
የቱ ውኃ፣ የቱ ደመና፣ ለይቶ የሚያይ ጠፍቶ፣
ባጃጄ ዳገቱን እያቃሰተች ስትወጣ
እኔ በልቤ፦ ይኼ ሽማግሌ ምን ፍለጋ መጣ?

ሠላሳ አንድ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ፣ ማቅለሚያ ክፍል ሠርቷል፤
ጥፍሩ ሥር ጡረታ ያልወጣ ሰማያዊ ቀርቷል።
ለሱ ቀይ አንድ አይደለም፤ የበርበሬ አለ፣ የጡብ አለ፣
ሁለቴ ታጥቦ የከዳ አለ።
ስሙ አንለይ። እናቱ ሁለት ቀብራ
በሦስተኛው ሞትን የለመነችበት።
እንጀራው ግን፣ በኋላም ሱሱ፣ መለየት።

ከቤተ መንግሥቱ አጥር ወዲህ፣ ዋንዛ ሥር እንቆማለን።
ታች ዓባይ ቡናማ ጀርባውን እያሸ ይወርዳል፤
ጉማሬ ይሁን ግንድ፣ አንድ ነገር ብቅ ይላል፣ ይሰምጣል።
«ቁጠር!» ይለኛል።
ሻላ፣ ዐሥራ አንድ። አባ ኮዳ፣ አራት፣
ከዓሣ ገበያው ጠግበው የመጡ፣
ይግባኝ እንደማይሰሙ ዳኞች ትከሻቸው ውስጥ የተቀመጡ።
ንስር፣ አንድ፤ ድምፁን ብቻ።
«ድምፅ ይቆጠራል እንዴ?»
«ከመልክ ይታመናል» አለና ጻፈ፣
የጃንጥላው ጠብታ ቀለሙ ላይ እያረፈ።

ሃያ ስድስት ዓመት ከዚህ ሐይቅ ዳር ስኖር
ወፍ ለኔ አንድ ነበር፤ ስሙም «ወፍ» ነበር።

ከደብተሩ ዳር፣ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረ
«ያልተለየ» የሚል ዓምድ ነበረ።
ጭጋግ የዋጠው፣ ጀርባውን ብቻ ሰጥቶ ያለፈ፣
እዚያ ያድራል።
«አውቃለሁ ብለህ ከምትዋሽ እዚህ አሳድረው፤
አንዳንዱ በዓመቱ ተመልሶ ስሙን ይነግርሃል።»

በጥር፣ አቧራው ሲነሣ፣ ዘንጌ ላይ አስቆመኝ።
ከገለባ ክምር ሥር አንድ ትቢያ የለበሰች ነገር።
«ምንድን ነው?» «ድንቢጥ» አልኩ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ።
ሳቀ፣ እስኪያስለው።
«የመስቀል ወፍ ነው።
የት ሄደ ትላላችሁ፣ ዓመት ሙሉ። የትም!
ቀይ ካፖርቱን አወለቀ እንጂ
እዚሁ ነው፤ ደጃችሁ ላይ ጥሬ ይለቅማል፤
ሰላም የሚለው የለም።»

ዘንድሮ ሰኔ አልደወለም።
እኔ ደወልኩ፤ ልጁ የሺመቤት አነሳች፣ ዝም አለች፣
ከዚያ የቤቱን ምልክት ነገረችኝ፣ እንደማላውቀው።
ያው ፌስታል። ያው የተሰነጠቀ ዓይን።
«ለባጃጁ ልጅ ብሎ ነበር።»
ገለጥኩት፤ በሻላና በዳክዬ መካከል፣
በዚያ ቀጥ ባለ ጽሕፈት፦
«የሐምሌ ሃያ ስምንት መመለሻ፣ ስድሳ ብር፣ አልከፈልኩም።»
ረስቼው ነበር።

ነሐሴ ላይ ብቻዬን ወጣሁ። መንገዱ ሁለቴ አንሸራተተኝ።
«ሽማግሌውስ?» አለ ዘበኛው ከካቦርቱ ውስጥ።
ወደ ዋንዛው አሳየሁት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።
በደህናው ዓይን አየሁ፤ በተሰነጠቀውም አየሁ፣
በሱ በኩል ሁሉም ወፍ ሁለት ይሆናል፤ አንዱን ቀነስኩ።
ከዚያ ከረጠበው ሣር ውስጥ አንድ ቡናማ ነገር፣
ቀለም የለው፣ ድምፅ የለው፣
አንገቱን ሰበር አድርጎ አየኝ።
ዶፉ ወረደ፤ ሻላዎቹ ተነሡ፤ እሱ አልሄደም።

እስክሪብቶው ጉልበቴ ላይ እየደማ ጻፍኩ፦
ነሐሴ ዐሥራ ዘጠኝ። ዶፍ።
ሻላ፣ ሰባት።
አባ ኮዳ፣ ሁለት።
ያልተለየ፣
አንድ።