ቆሞ ቀር

ከንጋቱ አሥራ አንድ፣ መናኸሪያው ጥግ፣
ጉም ከጦሳ ወርዶ መብራት ሲሸሽግ፣
ጃንጥላዬን ይዤ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ፤
ከኋላ ሹክሹክታ እንደ ካፊያ እሰማለሁ፦
«ዙበይዳ አይደለች? የይማም ታላቂቱ?»
«እስካሁን?» «እስካሁን።» «ምስኪን እናቲቱ!»

ቆሞ ቀር ይሉኛል።
ልክ ናቸው፤ ቆሜያለሁ።
አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከሽመናው ማሽን ፊት፣
ብናኝ ፀጉሬን አሽብቶት፣ በቀንም በሌሊት፤
ወንበር አይፈቀድም፣
ክር ከተበጠሰ ማሽን ሰው አይጠብቅም።
ቆሜ ነው ከማልን ዩኒቨርሲቲ ያደረስኩት፣
የእናቴን የሚያፈስ ጣራ ቆርቆሮ ያለበስኩት፣
ታናሼን ሰፊያንም ቆሜ ነው የዳርኳት፤
ሰማያዊ ጥለት ያለው አንሶላ፣
ከገዛ ማሽኔ የወጣ፣ በእጄ አጣጥፌ የሰጠኋት።

የሠርጓ ቀን ታዲያ ጓዳ አስገቡኝ፣
«ሰው እንዳይጠይቅሽ» ብለው አዘኑልኝ፤
አንድ ኩንታል ሽንኩርት ከፊቴ አፍስሰው።
እንባዬን ያየ ሁሉ እንደ ልቡ ተረጎመው፤
ሽንኩርቱን የጠየቀ የለም።

አክስቴ ሉባባ ከሚሴ ድረስ ወሰደችኝ፤
አዋቂው አየት አድርጎ «ዓይነ ጥላ አለባት» አለኝ።
ጥላማ አለኝ!
ሰኞ ገበያ ተከራክሬ የገዛሁት፣
አንድ ዘንጉ ተሰብሮ በሽቦ ያሰርኩት።
ከደሴ ዝናብ ጋር ስንት ክረምት ስሟገት
ከእሱ ሌላ ማን ቆመልኝ?

ሆጤ የሚከራይ ክፍል አለ ቢሉኝ ሄጄ አንኳኳሁ፤
ሴትዮዋ በሩን ገርበብ አድርገው፣ «ስንት ናችሁ?»
«አንድ።»
«እንግዲያ ባልሽ ሲመጣ አብራችሁ ኑ፣ የኔ ልጅ።»
በሩ ተዘጋ፤
ቀስ ብሎ፣ በጨዋ ደንብ።

አልዋሽም፤ አንዳንድ ሌሊት አልጋዬ ይሰፋኛል፤
የጎረቤት ሳል በግድግዳው አልፎ ያጫውተኛል።
በአንድ ወቅት የጭነት ሹፌር ነበር፣ ሳቁ ደስ የሚል፤
ሎጊያ ላይ ሌላ ቤት እንዳለው እስክሰማ ድረስ።
ይህ ግን የራሴ ነው፤ ለሰልፍ ወሬ አይሆንም።

ሚኒባሱ መጣ፣ በጉሙ ውስጥ አንድ ዓይኑ በርቶ፤
ረዳቱ ይጮኻል በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፦
«ኮምቦልቻ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!»
ሰልፉ እርስ በርሱ ተያየ፤
ባል ከሚስቱ አይለይ፣ እናት ከልጆቿ፤
እነዚያ የሹክሹክታ ሴቶችም እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ናቸው።

«አንድ ሰው የለም እንዴ?» አለ ልጁ።
ጃንጥላዬን አራግፌ አጠፍኩ።
«አለ» አልኩት።

ገባሁ። መስኮት ጥግ አንዲት ወንበር ነበረች።
«ሞልቷል፣ ሳበው!» አለና በሩን ገጭ አደረገው።

የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁል፣
እስከ ፋብሪካው በር ድረስ፣
ተቀምጬ ሄድኩ።