ሕዝብ የሚለው ቃል

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከገበያው በላይ፣
የእስር ቤት አጥር አለ፣ አስፋልቱን የሚያይ።
(አያቴ ከተማዋን «ወጀት» ነበር የሚላት፤
ስሟንም እንደ ግንቡ ቀብተው ነው የሰጧት።)
ቀቢው እኔ ነኝ፤ ልየው ፈለቀ፤
ሦስት መንግሥት በብሩሼ ደመቀ፣
በብሩሼ ወለቀ።

ከመቀባቴ በፊት መምረግ ነበረብኝ፤
ማለዳ መቶ አለቃው ልጅ እየላከብኝ፦
«ና ልየው፣ ያችን ቀዳዳ ድፈናት፤
ስትደርቅም ከላይ ቀይ ደርብባት።»
በምን ተበሳች ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤
ጣቴ ግን ያውቃታል፤ ጣት ልክ አይስትም።

አባቴ ዋሸራ ከርሞ ቅኔ የዘረፈ፣
ሰምና ወርቅ ሲያስረዳኝ ስንት ሌሊት አለፈ!
አልገባኝ ቢል ጊዜ ጥዬው ወጣሁ። ኋላ ግን ገባኝ፣
መሰላል ላይ ቆሜ ጭቃው ሲደርቅብኝ፦
ሰሙ ቀለሙ ነው።
ወርቁ፣ ያው፣ ቀዳዳው ነው።

በንጉሡ ዘመን አንበሳ ሣልሁበት፤
ጅራቱ አጠረና አምስት ብር ተቀጣሁበት።
ከሥሩ «ሕዝብ ሆይ፣ ዘውድህን አክብር» አልሁ።
ያ ሲያልፍ አንበሳውን በቀይ ሸፈንሁ፤
«ሕዝብ ጠላቱን ይደመስሳል!» ብዬ ጻፍሁ።

ቀለም ውድ ነው፤ ድሃም ብልሃት አያጣም፤
ከመፈክር ሁሉ መሀል አንዲት ቃል አትታጣም፦
ሕዝብ።
እሷን አልፍቃትም። ዙሪያዋን እቀባና
በቀጭኑ ብሩሽ አድሳታለሁ እንደገና።
ተደራርባ ወፍራ ከግንቡ ወጥታለች፤
የገብርኤሉ ዓይነ ስውር በጣቱ ዳስሶ
«ምነው ልየው፣ ይህች ሕዝብ አበጠች?» ይለኛል።
በተረፈኝ ቀለም የቤቴን በር ቀባሁ፤
መንግሥት በተለወጠ ቁጥር እኔም በር ለወጥሁ።

አንድ የካቲት ማታ ወታደሮቹ ሄዱ፤
ጠዋት ውሾች ብቻ ከበሩ ላይ አረፈዱ።
መቶ አለቃው ቆቡን ሚስማር ላይ ረስቷል።
ሦስት ቀን።
የነበሩት የሉም፣ የሚመጡት አልደረሱም።
እኛ ግን በወዲያ ማዶ እንሄዳለን፣ ግንቡን ሳንጠጋ፤
ሽማግሌው ቢተው ባርኔጣውን ያወልቃል፣
ለባዶ ዘብ ቤት፤
ሰካራሙ ከዚያ ሲደርስ ዘፈኑን ይውጣል።
እኔም፣ እግዜር ይይልኝ፣
አንዲት ፊደል ተልጣ አየሁና
ማንም ሳያዘኝ ባልዲዬን ይዤ መጣሁ።

ጥሩዬ ብቻ።
ስምንት ወር ለልጇ ምሳ ስታመላልስ፣
ስም ስታስመዘግብ፣ ቂጣውን ስታስቆርስ፣
በሦስተኛው ቀን የሚመዘግብ ብታጣ
በሩን በክርኗ ገፋ አደረገችው።
አልተቆለፈም።
ሠላሳ አንድ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል።
ውሃቸው አልቋል። በሩም ክፍት እንደሆነ ያውቃሉ፤
ነፋስ ሲያወዛውዘው ሌሊቱን ሙሉ ሰምተዋል።
እንዳላማው ቀና ብሎ፦
«እማ፣ ተፈቀደ?» አላት።
አልመለሰችም። በጥፊ መታችው፣
ከወለደችው ጀምሮ መትታው የማታውቀውን።
ከዚያ እጁን ይዛ፣ እንደ ሕፃን፣ እየጎተተች አወጣችው።
ሌሎቹ እስኪመሽ ቆዩ።

በአራተኛው ቀን አዲሶቹ ገቡ፤ «ቀቢ የት አለ?» አሉ።
አዛዡ ልጅ እግር ነው፤ ጫማው ሸበጥ፣ ንግግሩ ለስላሳ።
«ሁሉን ፍቀህ ይህችን ለምን ተውካት?» ቢለኝ፣
«ታስፈልጋችኋለች» አልሁት።
ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።
ቀዳዳ ካለ ብዬ ጭቃ ማቡካት ጀመርሁ።

ዛሬ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ሌላ ወጣት ይቀባል፤
እሱም ያችን ቃል አይነካትም፣ አይቼዋለሁ።
ማታ ግን ቤቴ ስገባ፣ ያን በር ሳልፍ፣
በተረፈ ቀለም የለበሰውን፣
ድምፄ ሳላስበው ዝቅ ይላል።
ሚስቴ «ምነው? ማን ይሰማሃል?» ትለኛለች።
«ማንም» እላታለሁ፣
በሹክሹክታ።