አንድ ለሰባ ሁለት

ሰባውን ደረጃ በከዘራው ቆጥሮ፣
የኔን ደጃፍ ሁለት እርከን ጨማምሮ፣
"ሰባ ሁለት" ብሎ ይገባል ማለዳ፤
ጋሽ ይርዳው ቢተው ነው፣ የቀለም እንግዳ።

ሌላው ሰው በጋሎን ቀለም ያስለካኛል፣
የተጋጨ በሩን ጎትቶ ያሳየኛል፤
እሱ ግን ከኪሱ ቆርኪ ነው ’ሚያወጣ፣
"ይቺን ሙላልኝ" ሊል ሰባ እርከን የመጣ።

ከጉያው ጋዜጣ፣ ከጋዜጣው መሃል
መዳፉን የማትሞላ አውሮፕላን ያወጣል፤
የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የባሕር ኃይል ክንፍ፣
ከመርከብ ጀርባ ላይ ተስፈንጥራ ’ምትከንፍ፣
ቦታ ሲጠብባት እንደ ዝንብ ’ምትታጠፍ።

መመሪያው ወረቀት "ግራጫ" ብሎ አለፈ።
"ግራጫ የማን ነው?" ጋሽ ይርዳው ለፈለፈ፤
"የአህያ ጀርባ ነው? የዳለቻ በሬ?
ወይስ ኅዳር ሲታጠን፣ ጢስ የዋጠው ሰፈሬ?"

ሦስት መጽሐፍ አለው፣ ሦስቱም አይስማሙ፤
ፎቶው ጥቁርና ነጭ፣ አይወጣው ቀለሙ፤
የቀቧትም እጆች አፈር ከለበሱ ስንት ክረምት ከረሙ።

ደግሞም የተቀባች እንዳትታይ ነበር፤
ከላይ ላያት ባሕር፣
ከታች ላያት አየር።
እንዳትታይ ብለው ከቀቧት በብልሃት፣
ታዲያ ማን አይቷት ነው
መልኳን የጻፈላት?

እኔም ቀመምኩለት። ሰማያዊ፣ ጥቁር፣
አንድ ጠብታ ቢጫ በክብሪት እንጨት ጫፍ፤
በአውራ ጣቱ ጥፍር ቀብቶ ወጥቶ ደጃፍ፣
ፀሐይ ላይ አገላብጦ ተመለሰ፤ "ጨለመ።"
ደግሜ ቀመምኩ። "ጨለመ።"
በአራተኛው ላይ ፊቴን አጠቆርኩና
"ከመጽሐፉ አስጠጋው!" አልኩት፤
አስጠጋው፣ ገጠመ።
"ልክ ነው" አለ ጋሽ ይርዳው። "ልክ ነው። ጨለመ።"

ሱቄን አዘግቶኝ ክንዴን ይዞ ወጣ፣
ሦስት ቦታ አርፎ፣ ትንፋሹ እስኪመጣ፤
ከላይ ስንደርስ በከዘራው ጠቁሞ፣
"ያንን ላዳ እየው፣ ከታች ያለው ቆሞ፤
ማን ነው የቀባው?"
እኔ ነኝ፣ ባለፈው ጥር፤
የዘለለው ላዳ፣ ስቀምም ያመሸሁበት ነበር።
"ያው ነው?" አለኝ። ያው ነው፤ ግን ደግሞ አይደለም፤
ወተት ጠብ ያለበት ይመስላል ያ ቀለም።

"በመሃል አየር አለ" አለኝ፣ "አየር ያሳሳል፤
ሲርቅ የሚያንሰው ቁመት ብቻ አይደለም፣ ቀለምም ያንሳል።
ሰባ ሁለት እጅ ትንሽ ካደረጓት፣
ሰባ ሁለት እጅ ርቃለች፤
ነጭ ጣል አድርግባት።"

ወርደን ነጭ ጣልኩ፤ ሁለት ጠብታ። "አንድ ድገም።" ደገምኩ።

"ባሕሩስ?" አልኩት፤ ምጽዋ፣ መርከብ ላይ እንደነበር
ሰምቼ ነበረ በሰፈር ሲነገር።
"እሱማ" አለ፣ ቆርኪውን በላስቲክ እየጠቀለለ፣
"በየዓመቱ ነጭ ይጨምርበታል፤ እኔ አይደለሁም" አለ።

አሥር ብር አስቀምጦ ሄደ።

ዓርብ ዕለት ከሩቅ፣ ሰባውን ሲወጣ አየሁት፤
ሳላስበው ዓይኔን አጥብቤ
ጥፍሩን ፈለግሁት።
አውራ ጣቱ ላይ ያ ባሕር፣ አውቃለሁ፣ አልለቀቀም ነበር፤
ከዚህ ግን አልታየኝም።
ልክ ነበር።